«እኛ» ያለ አንድ ዶላር ይቀጣል

አማቴ አራስ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ሲያትል በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ የገንፎው ሰሞን አልፎ ጠያቂም ቀለል ሲል፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ብቻዬን ሳወራ ሲታዘቡኝ ከርመዋል።

«ልጄ፣ የምትፈተንለት ሥራ ምንድን ነው?»

«ቴክኒካል ፕሮግራም ማናጀር ይባላል፣ እማማ።»

«እሱማ ስሙ ነው። ሥራው ምንድን ነው?»

«አንድ ትልቅ ሥራ አለ ይበሉ። አምስት ስድስት ቡድን ተከፋፍሎ ይሠራዋል። እኔ ሁሉም በቀኑ እንዲያደርስ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስጠብቅ እከታተላለሁ።»

«አለቃቸው ነሃ።»

«አይደለሁም። እያንዳንዱ የራሱ አለቃ አለው።»

«አብረህ ትሠራለህ?»

«ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።»

«ደሞዛቸውን ትከፍላለህ?»

«ኧረ አልከፍልም።»

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ ለምን ይሰሙሃል?»

ይህቺን ጥያቄ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ይጠይቋታል። እነሱ ግን እንዲህ በሦስት ቃል አይገላገሏትም። «ቀጥተኛ ሥልጣን ሳይኖርህ በሌሎች ላይ ተጽዕኖ ያሳደርክበትን አንድ አጋጣሚ ንገረን» ብለው ይጀምሩና፣ መልሱን ሳትጨርስ ሌላ አምስት ጥያቄ ይጨምሩበታል። አማቴ አልጨመሩም። ጥቂት ጠበቁኝ፤ መልስ እንደሌለኝ ሲያዩ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።

ሥራ ፍለጋ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000 ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። በዚህ ከተማ ካፌ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ እጁን እያወናጨፈ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ብታዩ አትደንግጡ። አእምሮው አልተነካም፤ ጸሎትም አይደለም። ኢንተርቪው አለበት።

እኔን ለማዘጋጀት የተነሣው አንድ ጓደኛዬ ነው። ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ያለፈ፣ እንደ ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ። ሬይኒየር ጎዳና ላይ ካለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት አገናኝቶኝ፣ ገና ክትፎው ሳይመጣ ደብተሩን ዘረጋ። መልስ ሁሉ አራት ክፍል አለው አለኝ፤ ሁኔታው፣ የተሰጠህ ኃላፊነት፣ ያደረግኸው ነገር፣ ውጤቱ። የአራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ሲገጣጠም «ስታር» ይሆናል፤ ኮከብ ማለት ነው። በአገራችን ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ደብተራ ዘንድ ሄዶ የእናቱን ስም ይናገራል። እዚህ ደግሞ የቀድሞ አለቃህን ጠባይ ትናገራለህ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«በል፣ ከባድ ሥራ የተወጣህበትን ንገረኝ» አለ ጓደኛዬ።

«ባለፈው መሥሪያ ቤታችን የክፍያውን ሲስተም ወደ አዲስ ዳታ ሴንተር ማዛወር ነበረብን። ቀኑ አጭር ስለነበረ እኛ…»

«አንድ ዶላር።»

«ምን?»

«‹እኛ› ባልክ ቁጥር አንድ ዶላር ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለህ። እነሱ ‹እኛን› አይቀጥሩም፤ አንተን ነው። ‹እኛ› ስትል ‹እሱ ቁጭ ብሎ ሌላው ሠርቷል› ብለው ነው የሚጽፉት።»

ቀጠልኩ። ስቀጥል ገንዘቤ አለቀ። ሰውዬው የሚጠይቀኝ እናቴ ሠላሳ ዓመት ያሳደገችኝን እንዳፈርስ ነው። «እኔ፣ እኔ አትበል!» ተብሎ ያልተቆነጠጠ የሀበሻ ልጅ ማን ነው? ብቻችንን ሠርተን እንኳ «ሠራን» እንላለን። ብቻችንን በልተን «በላን፣ ጠጣን፣ ተመስገን» የምንል ሰዎች ነን።

ግን ችግሩ ከ«እኛ» የጠለቀ መሆኑ የገባኝ ጓደኛዬ ወደ ውድቀት ጥያቄ ሲሻገር ነው። «ያጠፋኸውን ጥፋት ንገረኝ» ሲለኝ፣ «አንድ ጊዜ ሥራ ዘገየብን» አልኩ።

«ሁለት ዶላር» አለ። «አንዱ ለ‹እኛ›፣ አንዱ ለ‹ዘገየ›። ሥራው ራሱ ነው የዘገየው? እግር አለው? ማን አዘገየው?»

እውነቱን ነው። አማርኛ ጥፋትን ባለቤት አልባ ለማድረግ የታደለ ቋንቋ ነው። ብርጭቆ ከእጃችን ወድቆ ሲከሰከስ «ሰበርኩት» የሚል ሀበሻ አላጋጠመኝም። «ተሰበረብኝ» ነው የሚባለው፤ ብርጭቆው ቀን ቆጥሮ፣ አስቦበት፣ ሆን ብሎ በእኔ ላይ የተሰበረ ይመስል። ቁልፍ ይጠፋብናል፣ ወጥ ያርርብናል፣ አውቶቡስ ያመልጠናል፣ ቀጠሮ ይረሳናል፣ እንቅልፍ ይጥለናል። የገዛ ሆዳችንን ጉዳይ እንኳ እኛ አንሠራውም፤ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ። እኛ ዝም ብለን ቆመናል፤ ነገሮች እየመጡ ያደርጉናል። ሲቀናን ደግሞ «ተሳካልኝ» ነው፤ የተሳካው ነገሩ፣ የተሳካለት እኔ። በ«ብኝ» እና በ«ልኝ» መካከል ዕድሜያችንን ጨርሰን፣ አንድ ቀን ጠዋት አንድ አሜሪካዊ ስክሪን ላይ ብቅ ይልና «ኩ» ስጠኝ ይላል። ወሰንኩ፣ ለወጥኩ፣ ሰበርኩ።

በዚያ ምሽት 23 ዶላር ከፈልኩ። ጓደኛዬ የክትፎውን ሒሳብ ዘጋበት።

ሲቪዬንም አየልኝ። «የሥራ መጓተትን በ40 በመቶ ቀነስኩ» የሚል መስመር ነበረው። «40 ድፍን ቁጥር ነው፤ የግምት ይመስላል። 37 በለው፤ የተለካ ይመስላል» አለኝ። በዚህ ምክር መሠረት 3 በመቶ ያህል ለእውነት ቀረብኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ የሕይወቴን ታሪኮች በኤክሴል ደረደርኩ። ሃያ አራት ታሪክ ለማግኘት ቆፍሬ የወጣልኝ ሰባት ነው። ሰባቱን ግን እንደ ጋቢ አራት አጥፌ ለበስኳቸው። ያቺ የዳታ ሴንተር ታሪክ «ግጭት» በሚለው ዓምድ ስር አለች፤ «አመራር» በሚለው ስርም አለች፤ «ውድቀት» በሚለው ስር ትንሽ አዝና ቆማለች፤ «ደንበኛን ማስቀደም» በሚለው ስር ደግሞ ፈገግ ብላለች።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ግን ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ ድሮ የባሰ እንደነበረ ይወቅ። አንድ ሰሞን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የእንቆቅልሽ ፍቅር ይዟቸው ነበር። በአንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል? የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ ሆነ? ይቺ ሁለተኛዋ በማይክሮሶፍት ስም የታወቀች ነበረች። መልሷ ክብ ክዳን በየትም በኩል ብታዞረው በራሱ ጉድጓድ ውስጥ አይወድቅም የሚል ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። እኛ የምንጠይቀው ክዳኑ ለምን ክብ ሆነ ሳይሆን ክዳኑ የት ሄደ ነው። ደግነቱ በጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ እንቆቅልሾቹ ሥራ የሚችለውን ከማይችለው እንደማይለዩና ጠያቂው ብልህ መስሎ እንዲሰማው ከማድረግ በቀር እንደማይጠቅሙ ተናገረ። ይኸው ሰው በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ይቀጠር አይቀጠር የሚለውን በ86 በመቶ እርግጠኝነት ለመወሰን አራት ኢንተርቪው እንደሚበቃ ጉግል አጥንቶ እንደደረሰበት ጽፏል። ቀደም ሲል ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠየቅ ነበር።

ከእንቆቅልሽ ወደ ታሪክ የዞሩት ለዚህ ነው፤ ያደረግኸውን ንገረን፣ ከዚያ ወደፊት የምታደርገውን እንገምታለን። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ነገር ግን ታሪክ የሚጠየቀው ሰው ሁሉ አንድ መጽሐፍ አንብቦ፣ አንድ ቪዲዮ አይቶ፣ እንደ እኔ ያለ ጓደኛ ይዞ ሲመጣ፣ የሚለካው ሥራ አዋቂነት ነው ወይስ ተረት አዋቂነት? አማዞን ለምሳሌ የአመራር መርሆዎች አሉት፤ ጥያቄዎቹ ከነሱ ይቀዳሉ፤ ተፈታኝም መርሆዎቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ደግሞ ደጋግሞ ይሄዳል። 14 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት ተጨምረው 16 ሆኑ። ሙሴ ከሲና ተራራ 10 ይዞ መውረዱ ምን ያህል ጨዋ ሰው እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ የተፈተንኩበት ኩባንያ ስሙ ይቆየን። አምስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ሁሉም በቪዲዮ። ከወገብ በላይ ኮትና ከረባት፣ ከወገብ በታች የልጅ ወተት የነካው ቢጃማ፣ ጉልበቴ ላይ ጋቢ። ሲያትል እንደ ልማዷ ትዘንባለች።

የመጀመሪያው ፈታኝ መልካም ወጣት ነው። «አንድ ሰው ብራውዘር ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ጽፎ ‹ኢንተር› ሲጫን ምን ይሆናል?» አለኝ። ይቺ የታወቀች ጥያቄ ናት፤ ሁሉም ሸምድዷት ይሄዳል። እኔ ግን ሳስባት ከሽምደዳው ይልቅ ሰፈሬ መጣብኝ። (ይኸው፣ «መጣብኝ»። አስታወስኩ ማለት ነበረብኝ።)

ኮምፒውተር የሰው ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያ ስም የየትኛው ቁጥር እንደሆነ ማጠያየቅ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በቅድሚያ የራስህን ትዝታ ትመረምራለህ፤ በቅርቡ ሄደህ ከነበረ ማንንም አትጠይቅም። ካልሆነ ባለሱቁን ትጠይቃለህ። ባለሱቁ ባያውቅም ደግ ነው፤ አንተን ከማንከራተት ልጅ ይልክልሃል። ልጁ መጀመሪያ አውቶቡስ ተራ ሄዶ «የቦሌ ሰው የት ይጠየቃል?» ይላል። ቦሌ ይልኩታል። ቦሌ ደግሞ «ያን ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጥበቃ ነው የሚያውቀው» ይሉታል። ጥበቃው «ሦስተኛው ሰማያዊ በር» ይላል። ልጁ ሮጦ ይመለሳል፤ ባለሱቁም ነገ ሌላ ሰው ቢጠይቀው እንዳይቸገር ለጥቂት ጊዜ በቃሉ ይይዘዋል። ዲኤንኤስ የሚሉት ነገር ከነሙሉ ክብሩ ይኸው ነው። በሩ ላይ ሲደረስ ሰላምታ አለ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። «አለህ?» «አለሁ፤ አንተስ አለህ?» «አለሁ።» ወደ ሥራ። ይህን የሠራው ሀበሻ ቢሆን ኖሮ ኢንተርኔት እስከ ዛሬ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ እየተጠያየቀ ነበር።

ወጣቱ ሳቀ። እኔም ሲስቅ አይቼ ስለ ጥበቃው ጠባይ ጨመርኩለት። ምስጠራው ጋ ሳልደርስ፣ ሰርቨሩንም ሳላነሣው ሰዓቱ አለቀ።

ሁለተኛዋ ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይታ ገባችና የቀን ገደብ ስለማከብርበት ዘዴ ጠየቀችኝ። ስለሷ ሌላ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው ጸጉሩ የሸበተ፣ ብዙ ሥራ ሲፈርስ ያየ መሐንዲስ ነው። «ሥራው ዘግይቷል፤ የሚወጣበት ቀን አይነካም። አለቆች ዐሥር ተጨማሪ መሐንዲስ እንስጥህ ይሉሃል። ምን ትላለህ?» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ! ማንም በዚህ ሙያ ያለ ሰው ያውቀዋል። የአይቢኤምን ሲስተም 360 የኮምፒውተር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፍ፣ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል የሚል ሕግ ትቶልናል። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ነባሩ ነው፤ ነባሩ ሲያስተምር ሥራው ይቆማል፤ ሰው በበዛ ቁጥር መነጋገሪያው ይበዛል። ይህን ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «በአገራችን አንድ ተረት አለ» ብዬ ጀመርኩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «ስለዚህ ዐሥሩን ሰው ትቀበላለህ?»

ብሩክስንና የአያቶቼን ሎሚ ለማስታረቅ ቀሪውን ሰዓት ጨረስኩት። ሎሚ ማስተማር አያስፈልገውም፣ ሎሚ ስብሰባ አይጠራም፣ አንዱ ሎሚ ሌላው እስኪደርስ አይጠብቅም እያልኩ። አሁን ሳስበው መልሱ መጥፎ አልነበረም። ያኔ ግን ሰውዬው ሲጽፍ የታየኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አጭር ቃል ነበረች።

አራተኛዋ ወደ ድክመቴ ገባች። እዚህ ላይ የአገሬ ልጆች ብልጫ ሊኖረን ይገባ ነበር። በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ፣ ከዚያም በኋላ ግምገማ የሚባለውን ያለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከኃጢአቶች ሁሉ ማንንም የማትጎዳዋን መርጦ፣ አንገት ደፍቶ፣ በሐዘን ድምፅ መናዘዝ። «አንዳንዴ ለሥራ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ራሴን እጎዳለሁ።» የሲሊከን ቫሊ ሰዎች ይህን በገንዘብ ሰልጥነው ይማሩታል፤ አባቴ በቀበሌ አዳራሽ በነፃ ተምሮታል። እኔ ግን የአባቴን ያህል አልሆንኩም። ወይዘሮዋ ሲቪዬን እያየች «ይህን 37 በመቶ እንዴት ለካኸው?» ስትለኝ፣

«ተለካ» አልኩ።

በአማርኛ ቢሆን ያልፍ ነበር።

አምስተኛው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ስለ ድንገተኛ አደጋ ጠየቀኝ፤ ነገር ሲበላሽ፣ ሁሉም ሲደናገጥ፣ ምን ታደርጋለህ? ሰባቱን ታሪኮቼን በልቤ እያገላበጥኩ ሳለ የቡና መዓዛ መጣ። አማቴን ዛሬ ፈተና አለብኝ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ፈተና ያለበት ሰው ቡና ሳይጠጣ እንዴት ይሆናል ብለው ነው መሰል ምጣዱን ጥደዋል። እዚህ አገር ደግሞ ጣራው ላይ የተለጠፈች አንዲት ክብ ነገር አለች፤ በጢስና በእሳት፣ በቡናና በቤት ቃጠሎ መካከል ያለውን ልዩነት የማታውቅ። ጮኸች። ልጁ ነቃ፤ እሱም ጮኸ።

ተነሣሁ። ጋቢዬን ይዤ ጣራው ስር ቆሜ ማራገብ ጀመርኩ። ቢጃማዬ በሙሉ ክብሩ በስክሪኑ መሐል እንደቆመ ያወቅኩት ዘግይቶ ነው። አማቴ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «አንቺ ልጁን ይዘሽ መኝታ ቤት ግቢ። አንተ ጨርቅህን ተውና መስኮቱን ክፈት። በሩ ክፍት ይሁን» አሉ። ሆነ። በደቂቃ ውስጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው አላረረም፤ ሳይታወክ በልኩ ተቆልቷል።

በልማዳችን የተቆላ ቡና እንግዳ ሳያሸተው አይወቀጥም። አማቴ ስክሪኑ ላይ ሰው መኖሩን አዩ። ምጣዱን ከነጢሱ ይዘው ወደ ላፕቶፑ ቀረቡ፤ ለኃላፊው ካሜራ ስር አድርገው በእጃቸው ጢሱን ወደ እሱ አራገቡለት። «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ» አሉት በአማርኛ። ሰውዬው፣ ይመስገንና፣ አፍንጫውን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ሳበ።

«አሁን ያደረግኸው ምን ነበር?» አለኝ ፈገግ ብሎ አማቴ ሲሄዱ። «በዚህ አጋጣሚ ውስጥ ያንተ ድርሻ ምን ነበር?»

ሃያ አራት ዓምድ ያለው ኤክሴል አለኝ። አራት ክፍል ያለው ኮከብ አለኝ። 23 ዶላር ከፍዬበታለሁ።

«መስኮቱን ከፈትን» አልኩ።

በሦስተኛው ስኒ፣ በበረካው ላይ፣ አማቴን በተራዬ ጠየቅኳቸው። ባለቤቴ ስትዳር እሳቸው ከስድስት መቶ ሰው በላይ ያስተናገደ ድግስ መርተዋል። ድንኳኑ ከእድር፣ ድስቱ ከጎረቤት፣ ጠላው ከአንድ ቤት፣ ድፎው ከሌላ ቤት፣ ከአንዱም ቤት የሚከፈለው ሰው የለ። ሄንሪ ጋንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የትኛው ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በመስመር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ካስፋፋ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፖላሪስ የተባለውን ሚሳኤል ሲያሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የቱ ሥራ ቢዘገይ ሁሉም እንደሚዘገይ የሚያሳይ ፐርት የሚባል ዘዴ አውጥቷል። አማቴ ጌሾው ሳይወቀጥ ጠላው እንደማይጠነሰስ፣ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ በርበሬው እንደማይገባ፣ ሥጋው ቀድሞ ከመጣ ደግሞ እንደሚበላሽ የሚያውቁት ከባሕር ኃይሉ አይደለም።

«እማማ፣ እርስዎን ለምን ሰሟችሁ… ማለቴ፣ ለምን ሰሙዎት?»

«ማን?»

«ሽንኩርት ከታፊዎቹ። እንጀራ ጋጋሪዎቹ። አለቃቸው አልነበሩም፤ አልከፈሉም።»

ስኒውን አስቀመጡ። ጥያቄው ትንሽ እንዳስቃቸው ያስታውቃል። «ብድር በምድር ነው፣ ልጄ። የአንዷ ልጅ ስትዳር ሁለት ሌሊት እንጀራ ጋግሬያለሁ። የአንዷ ባል ሲሞት አርባውን አብሬ አውጥቻለሁ። ማን ምን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። እኔም ያለብኝን አውቃለሁ። ምን የሚያከራክር አለ?»

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ሞከርኩ። በነሱ ቋንቋ ሲሆን «ስቴክሆልደር ማናጅመንት» ይሆናል፤ ሲቪ ላይም በአንድ መስመር ይገባል። ሁለት ሌሊት የሚጋገረው እንጀራ ግን የሚገባበት ዓምድ አላገኘሁም።

ከኢንተርቪው በኋላ የሚሆነውን ጓደኛዬ ነግሮኛል። አምስቱም የጻፉትን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ተፈታኙ በሌለበት አንድ በአንድ ያነሡታል፤ ይቀጠር፣ አይቀጠር ይባባላሉ። ሽምግልና ነው እንግዲህ፤ ልዩነቱ ባለጉዳዩ አለመጠራቱ ነው። እኔ ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ። የኩባንያው ሪክሩተር ከፈተናው በፊት በቀን ሁለቴ ትጽፍልኝ ነበር፤ በዐሥራ አንዱ ቀን ውስጥ ግን ጠፋች። ጠፋችብኝ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ኢሜይሉ ገባ። አማቴ ከጎኔ ነበሩና እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ጊዜዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ብዙ ብቁ አመልካቾች ነበሩን። በጥንቃቄ ተመልክተን ከሌሎች ጋር ለመቀጠል ወስነናል። መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ አማቴ።

ወደ ታች አወረድኩት። ስም የለውም። ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሙሉ አምስት ሰው «አንተ ራስህ ምን አደረግህ?» ሲለኝ ከርሞ፣ ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች «እኛ» ነው። ቆጠርኩት፤ አራት ዶላር ይወጣዋል። ከግርጌው ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ወደዚህ አድራሻ የሚላክ መልስ አይነበብም ይላል።